ኮምፒውተር ውስጥ የቆመው ቤት

መሬቱን ትቶ ካርታውን የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ እኔ አንድ የመሬት ቢሮ ሹም አውቃለሁ፤ የመሬት መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ወዲህ ከወንበሩ ተነሥቶ አያውቅም።

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ቤታቸውን ናዳ ጠርጎ ቢወስድባቸው ምትክ ቦታ ሊጠይቁት ሄዱ። ከናዳው በፊት ከሰማይ የተነሣውን ፎቶ ሊያሳያቸው ኮምፒውተሩን አዞረላቸው።

«እናቴ፣ ቤትዎ ይኸው ቆሟል! ቆርቆሮው ሳይቀር ያብለጨልጫል።»

ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይመለስ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ አጎዛቸውን ተሸክመው፣ ከናዳው የተረፈች ዶሯቸውን ታቅፈው ቢሮው ውስጥ ተደላድለው ተቀመጡ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ቤትሽ እዚህ ነው አላልከኝም ልጄ? ልኖርበት መጣሁ።»

ዶሮዋም ኮምፒውተሩ ላይ ወጥታ ሰፈረች።

ከሰዓት በኋላ ሰውዬው እትዬ ጥሩን ተከትሎ እያለከለከ ናዳው የወረደበትን ተራራ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ናዳ ከወንበሩ ያላስነሣውን ሰው ዶሮ አስነሣችው።