እትዬ አስቴር የቆለፈችው ቋንቋ

በየቤቱ «ኮምፒውተር ያውቃል» የሚባል አንድ ሰው አይጠፋም። እስቲ የእናንተን ቤት አስቡት። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው፤ ማዕረጉን አንዴ ከያዘ በኋላ ግን የሚነጥቀው የለም። በእኛ ቤት ባለማዕረጉ እኔ ነኝ። ታላቅ እህቴን ጉድ የሠራኋትም በዚሁ ማዕረጌ ነው።

እትዬ አስቴር ዕድሜዋን በሙሉ በጸሐፊነት ስትተይብ ኖራ ጡረታ ወጣች። አርፋ ትቀመጣለች ስንል የአባታችንን ቋንቋ፣ የሀዲይኛን ቃላት መሰብሰብ ጀመረች። እሁድ ከቸርች መልስ ጉለሌን ከሸጎሌ እስከ እንጦጦ ግርጌ እያሰሰች ሽማግሌዎችን ትጠይቃለች፤ ሰኞ ትተይባለች። እንዲህ ስትል ስድስት ዓመት። «ቢሰረቅ ማንም እንዳያየው» ብዬ ሃርድ ዲስኩን በፓስወርድ እንድትቆልፈው ያደረግኩት እኔ ነኝ። «ወረቀት ላይ እንዳትጽፊው» ያልኳትም እኔው። የሀዲይኛ ቃላት የሚሰርቅ ሌባ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቀችኝም።

ባለፈው ክረምት ታማ ኦፕራሲዮን ሆነችና ሁለት ወር ተኛች። ድና ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ፓስወርዱ ከጭንቅላቷ ጠፍቷል። የልጆቿን ስም ሞከርን፤ የቤት ቁጥር ሞከርን፤ እምቢ አለ። ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። «እናቴ፣ ፎርማት ላድርገውና ባዶውን ይውሰዱት» አላት።

ባዶውን!

«በቃ፣ እንደገና ትጀምሪዋለሽ» አልኳት ላጽናናት።

«ማንን ጠይቄ? የነገሩኝን ግማሾቹን ቀብሬያቸዋለሁ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍና ተወችው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠራችኝ። «ሳስበው ነው የሚጠፋብኝ» አለች። «ቢሮ እያለሁ አለቃዬ ሲያነብልኝ ጣቶቼ ይጽፋሉ፤ እኔ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። በል ወሬ አውራኝ።»

«የምን ወሬ?»

«ያገኘኸውን።»

መነጽሯን አውልቃ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች እጆቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች። እኔም ከታክሲ ረዳት ጋር የተጣላሁትን ጀመርኩላት። ጣቶቿ ሮጡ። ኮምፒውተሩ ስህተት ነው አለ። «ቀጥል!» አለችኝ። አሁንም ስህተት። ረዳቱ «ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ በሉ፣ ወንበሩ ለሦስት ነው» ያለኝ ጋ ስደርስ እትዬ አስቴር ከት ብላ ሳቀች፤ እየሳቀች ጻፈች፤ ተከፈተ። ስድስት ዓመት ሙሉ የለቀመችው ቃል አንድም ሳይጎድል ፊታችን ተዘረገፈ።

አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ «ለመሆኑ ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?» አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ! እንዳይዘጋብን እየፈራን ሁሉንም በሦስት ቦታ ገለበጥነው፤ ቁልፍ የሚባል ነገር ሳናደርግበት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥም ቸርች በር ላይም ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ እህቴ ሳላወራ አላልፍም። ሰዉም አድንቆ ሲያበቃ «እርስዎም ሀዲይኛ ይችላሉ ማለት ነዋ!» ይለኛል።

«እህቴ ትችላለች» እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።