ጋሽ አለነ አይጠፉም

መንገድ የማያውቅ ሰው በየአገሩ ሞልቷል። ጉዱ ያለው አለማወቁን የማያውቀው ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቀበሌ ደግሞ የለም። ከተማ ውስጥ ከሆነ ቢበዛ ለቅሶ ቤት ላድርስህ ብሎ ሰርግ ቤት ይዞህ ይገባል። መተማ በረሃ ላይ ሲሆን ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

የመተማ ዮሐንሱ ሊቀ መንገድ ጋሽ አለነ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ ራሳቸውን በራሳቸው ሾመዋል። አባታቸው ከደጋ ወርደው ሰሊጥ ከዘሩ ወዲህ በዚህ ቆላ የማያውቁት ዛፍ እንደሌለ ይናገራሉ። ባለፈው በጋ ግን ኮኪት ደርሼ ልምጣ ብለው ወጥተው፣ ውሃቸው አልቆ፣ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ፣ አንድ የትራክተር ሾፌር ነው ከዛፍ ሥር አግኝቶ ያመጣቸው። እሳቸውን ብትጠይቋቸው አልጠፉም። ዛፉን ወደውት አረፍ ብለው ነው።

ጎንደር የምትኖረው ልጃቸው እየሩስ ይህን አልዋጠችውም። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ከሳንጃ ተነስቶ አስፋልት ሳይነካ ሽንፋ የሚደርስ የበረሃ ውድድር ሲያዘጋጁ፣ አባቷም በዚያች ሳይገፏት በማትነሳው መኪናቸው ሲመዘገቡ፣ ጎረቤታቸውን ሳጂድን ለብቻው ጠራችው። ሳጂድ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ገበያው ሁሉ ሐቀኛ ብሎ የመሰከረለት፣ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው።

"ጋሽ ሳጂድ፣ አብረዋቸው ይሂዱልኝ" አለችው። "አንዴ እንኳ ከጠፉ እውነቱን ይነግሩኛል። መኪናዋን ሸጬ ጎንደር እወስዳቸዋለሁ።"

ሳጂድ እሺ አለ። እንዲያውም በሆዱ ደስ አለው። ጋሽ አለነ በየማለዳው በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ፣ ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበትን የሱቁን መንገድ ሲያስረዱት ጆሮው ደንዝዟል።

የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። የፊተኞቹ መኪኖች አቧራ ያስነሳሉ፤ ጋሽ አለነ አቧራውን እየተከተሉ፣ እኔ ባልመራቸው ምን ይውጣቸው ነበር ይላሉ። ኮኪት አደሩ። በማግሥቱ መኪናዋ ስትገፋ፣ ስትለመን፣ ስትሰደብ ሌሎቹ ጥለዋቸው ሄዱ። አዘጋጆቹ በየዛፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው ነበር። ጋሽ አለነ ጨርቁን ሲያዩ ሳቁ፤ ይኼ ለእንግዳ ነው አሉ። እሳቸው ከሳምንት በፊት መንገዱን በሂላ አጥንተውታል።

ሂላ ታጭዶ እስኪደርቅ ቀጥ ተደርጎ የሚቆመው የሰሊጥ ክምር ነው። የቆላ ሰው መንገድ የሚናገረው በሱ ነው፤ ከገበሬው ከአብዱልሀኪም ሂላ ወደ ቀኝ፣ ከትልቁ ሂላ ወደ ግራ። እዚህ ድረስ ደግ። ግን ሰሊጥ ሲደርቅ ይራገፋል፣ ይጫናል፣ ይሄዳል። የአብዱልሀኪም ማሳ ሲደርሱ የጠበቃቸው ገለባና ባዶ ሜዳ ነው።

ሳጂድ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ጠፋን እንዴ ብሎ ጠየቀ።

"የጠፋው ሂላው ነው" አሉ ጋሽ አለነ። "እኔማ ይኸው አለሁ።"

ሳጂድ ነገሩን ቢያገላብጠው ስህተቱን ማግኘት አቃተው። ሂላው በርግጥ የለም። ጋሽ አለነም በርግጥ አሉ። "ይቺን ታጠፍን፣ ደረስን" እየተባለ ብዙ ጊዜ ታጠፉ። በቀኝ የነበረችው ፀሐይ በግራ መጣች፤ ጋሽ አለነ በዚህ ወር እንዲህ ያደርጋታል አሉ።

አንድ የሰሊጥ አጫጆች ካምፕ አገኙ። በረሃ ላይ ሰው ያለበትን ካምፕ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነውና ወረዱ። ጸዳለ የምትባለው ምግብ አብሳይ ውሃና ንፍሮ ሰጠቻቸው፤ መርቀዋት ተነሱ። አሁንም ሄደው፣ ሄደው፣ ታጥፈው፣ ሌላ ካምፕ ደረሱ። በር ላይ ጸዳለ ቆማለች።

"ምነው ተመለሳችሁ?" አለች።

ጋሽ አለነ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ከዚህ በፊት እንዳልተያዩ፣ ያችኛዋ ጸዳለ የወዲያኛው ካምፕ ሰው እንደሆነች በትዕግሥት አስረዷት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ሳጂድን አየችው። ሳጂድም ግራ ገብቶት ንፍሮውን ቀመሰ፤ ያው ንፍሮ ነው። ጋሽ አለነ ግን ሲያስረዱ ሰው ራሱን ይጠራጠራል፤ ሊሄዱ ሲነሱ ጸዳለ ያችኛዋን ሰላም በሉልኝ አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የያዙት ውሃ አለቀ። ጋሽ አለነ ዝም አሉ። ሳጂድ ዝም ሲሉ አይቷቸው አያውቅምና ፈራ። ጎንደር ከሄዱ አጥሩ እንዲህ ዝም እንደሚል ያን ጊዜ ገባው።

ደግነቱ ወደ ሽንፋ ሰሊጥ የጫነ ትራክተር ብቅ አለ። ከኋላው ተከተሉት። ጋሽ አለነ ነፍሳቸው መለስ አለችና፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይጠፋ ልሸኘው ብዬ ነው አሉ።

ሽንፋ ሲደርሱ ውድድሩ አልቆ፣ ሰዉም ተበትኖ ነበር። ልትቀበላቸው የወረደችው እየሩስ ብቻ ዓይኗ ቀልቶ ቆማለች። አባቷን አቅፋ ውሃ አጠጣቻቸውና ወደ ሳጂድ ዞረች።

"እውነቱን ይንገሩኝ። ጠፍተው ነበር?"

"እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው" አለ ሳጂድ። "እሳቸው ቀኝ ሲሉኝ እኔ ግራ ነው ብዬ።"

ጆሮው ጋለ። ጋሽ አለነ ዘወር ብለው አዩት፤ በዓይናቸው እንኳ ያመሰግኑኛል ብሎ ጠበቀ።

"ስነግረው መች ይሰማል" አሉ። "ግትር ነው።"

ሳጂድ ደሙ ፈላ። እየሩስ ሁለቱን እያፈራረቀች አየች።

"እንግዲያው መኪናዋ ትቆይ፣ አባባ። ከጋሽ ሳጂድ ጋር ግን ሁለተኛ አይሂዱ። መንገድ የሚያውቅ ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

ጋሽ አለነ የመኪናዋን መስተዋት አቧራ በፎጣቸው እየጠረጉ ነበር። እጃቸው ቆመ።

"እሱን ትቼማ አልሄድም" አሉ ቀስ ብለው። "ካልሆነ ሽጪያትና ጎንደር ውሰጅኝ።"

ሳጂድ ፎጣውን ከእጃቸው ተቀብሎ በወዲያ በኩል መጥረግ ጀመረ፤ እየሩስም ስለ ሽያጩ ሁለተኛ አላነሳችም።