የግራዝማች ደምሴ ምርመራ

ሰርግ ቤት ተቀምጣችሁ ሳለ የጋቢያችሁን ጠርዝ ወደ ፀሐይ አንስቶ የሚመረምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ገጥሞኛል። ግራዝማች ደምሴ ይባላሉ፤ እንደ አባቴ ከሰሜን የመጡ ሹም ናቸው። ፈረንጅ በጨረር የሰው አጥንት ያያል ሲባል ከሰሙ ወዲህ፣ እሳቸውም የጨርቅ አጥንት የሚያዩ ይመስላቸዋል። የአገሬው የእንሰት ቃጫ ከጥጥ ጋር የተፈተለበት ጋቢ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። «ቅይጥ!» ካሉ ባለቤቱ አንገቱን ይደፋል።

በቀደም ተራው የእኔ ሆነ። ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዘዙና በክብሪት ለኩሰው አሸተቱት።

«ንጹሕ ጥጥ!» አሉ። «እንዲህ ያለ ፈትል ከእኛ አገር እንጂ ከዚህ አይወጣም።»

ጥጡም ቃጫውም ተክል ነው፤ ሲነድ ሽታው ያው ነው። ይህን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ዝም ብል ክብሩ ለእኔ ነበር። ሆዴ ግን እምቢ አለኝ።

«ጌታዬ፣ ቃጫ አለበት» አልኩ ጮክ ብዬ። «የፈተለችውም የሞርሲቶ አገር ልጅ፣ ሀዲያዋ እናቴ ናት።»

«ዝም በል! ንጹሕ ነው ብያለሁ!»

«ቅይጥ ነው!»

ክሩ የተመዘዘበትን ቦታ እናቴ ልስፋልህ ብትለኝ አሻፈረኝ አልኳት። ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ፦ ግራዝማች ደምሴ እናቴን ፈልገው ያጧት እዚህ ጋ ነው።