ጀልባችን ሽምግልና የገባች ዕለት

ዛሬ ምክር የለም። ዛሬ የራሴን ጉድ ነው ፖስት የማደርገው፤ አላምንም የሚል አይመን!

ሰዎቹን በቅድሚያ ላስተዋውቃችሁ።

ሐጂ ነስሩ፦ ምንጣፍ ነጋዴ፣ የኮልፌ ጎረቤቴ፣ የጀልባው ሸሪኬ።

ወይዘሮ አስካለ፦ ባለቤቴ። አንድ ነገር አንዴ ትናገራለች፤ አትደግመውም።

ግራዝማች ታደሰ፦ ከቁልቁለቱ ግርጌ የሚኖሩ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለቻቸው፣ ሲስቁ ታይተው የማያውቁ ሰው።

እኔ በቀለ፦ የብረት በርና አልጋ ሠሪ። ማንበብን ከአሮጌ ጋዜጣ ለብቻዬ የተማርኩ፣ በዚህም ምክንያት የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ።

አዎ፣ ጀልባ ብያለሁ። ኮልፌ ውስጥ!

ዘመኑ የጃንሆይ ማብቂያ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ጀልባውን ለእኔና ለሐጂ ሸጠልን። ሐሳባችን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ማስገር ነበር። እዚያ ያለ ባለ ሆቴል ቃል ገብቶልናል፦ «እሁድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀልባችሁን ይዛችሁ ከደረሳችሁ የሆቴሌን ዓሣ የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ። ካልደረሳችሁ ሌላ ሰው አለኝ።»

ሐጂ ለዚህ ሲሉ የሱቃቸውን ግማሽ ዕቃ በርካሽ ሸጠዋል። ይህን ያዙልኝ።

ጀልባዋን የሚወስደውን ተሳቢ (እናንተ ትሬለር የምትሉትን) የምሠራው እኔ ነኝ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ጀልባዋ በምን ላይ ትቀመጥ?

አንደኛው ዓይነት ሁለት ረጃጅም ጣውላ ነው። ምንጣፍ ይለብስና ጀልባዋ በሆዷ ትተኛበታለች፤ ንቅንቅ አትልም። ሁለተኛው ሩሎ ነው። በኩሽኔታ ላይ የሚሽከረከሩ የጎማ ጥቅልሎች ይደረደራሉ፤ ሐይቁ ዳር ስትደርስ ጀልባዋ ተንሸራታ ውሃ ትገባለች።

ሐጂ «ጣውላ ይሁን፤ ምንጣፉን ከሱቅ አመጣለሁ» አሉ።

ምንጣፍ ነጋዴ ምንጣፍ ይሻላል ሲል ታምናላችሁ? እኔም አላመንኩም!

አስካለም ከጓዳ ብቅ አለች። «አህያ ሲጫን ከጆንያው ሥር ጠርሙስ ይደረደራል እንዴ?»

«ዝም በይ፤ ይሄ ሳይንስ ነው!» አልኳት።

ልጆቼ፣ ሰው እየተቆጣ «ይሄ ሳይንስ ነው» ሲላችሁ ከአጠገቡ ዞር በሉ።

ሩሎ ሠራሁ። እሁድ ጠዋት የተከራየናት ፒክአፕ መጣች። አፍንጫዋ ወደ ዳገቱ፣ የተሳቢው ጀርባ ወደ ቁልቁለቱ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። ሰፈሩ በሙሉ ሊሸኘን ወጥቷል፤ ሐጂ መረቡን ሊያስተካክሉ ጀልባዋ ውስጥ ገብተዋል።

ይህን ሁሉ ሰው አይቼ ዝም ልል ነው? ንግግር አደረግሁ!

«ጣውላ ጣውላ ስትሉ ለነበራችሁ፣ ይኸው ተመልከቱ! ይቺን የምታክል ጀልባ በአንድ ጣት አንቀሳቅሳለሁ!»

ጀልባዋን ከፊት የያዘውን ገመድ ፈታሁ። ጣቴን ቀሰርኩ።

ጣቴ አልደረሰም።

«ያ አላህ! ያዛት እንጂ በቀለ!» የሚለው የሐጂ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ሩሎው እንከን አልነበረበትም፤ ይህን ለታሪክ እመሰክራለሁ። ጀልባዋ ከተሳቢው ወርዳ፣ በጭቃው ላይ ውሃ ያገኘች መስሏት ቁልቁል ነጎደች። የግራዝማች ታደሰን አጥር ጥሳ ግቢያቸው መሃል ቆመች።

ግቢው ባዶ አልነበረም። ሦስት ሽማግሌዎች የግራዝማችን ልጅ ለአንድ ወጣት ሊጠይቁ መጥተው ቆመዋል። ታውቃላችሁ፣ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳይሰጠው አይቀመጥም፤ ነገሩም ከተጀመረ አይቋረጥም።

አልተቋረጠም!

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጀልባዋን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ንግግራቸውን ቀጠሉ። ግራዝማች ጀልባዋን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። እኔ እያለከለክሁ ገባሁ። «ጀልባዬን ልውሰድ» ተብሎ የሰው ትዳር ይቋረጣል? ኮፍያዬን አውልቄ፣ እጄን አጣምሬ፣ ከሽማግሌዎቹ ጫፍ ቆምኩ።

የተቀመጡት ሐጂ ብቻ ናቸው።

«ኧረ ሐጂ፣ ይነሱ! ተቀምጦ ይለመናል?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ በሹክሹክታ።

«እግሬን መረቡ ይዞታል!»

«እንግዲያው እኛ እጅ ስንነሳ እርስዎም ጎንበስ ይበሉ።»

ሐጂ ከጀልባዋ ውስጥ ጎንበስ አሉ።

በዚህ ላይ ግራዝማች «ዝምድና እንዳይኖር ትውልድ ይቆጠር» አሉ። በአባትም በእናትም፣ እስከ ሰባት ቤት!

የልጁ አያት ላይ ስንደርስ ቀትር ሆነ። ቅድመ አያቱ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች በስም ተከራከሩ። በልጅቱ እናት ወገን ስንገባ ጥላችን ረዘመ። ሐጂ ፀሐይዋን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። እኔ መሬት አያለሁ።

ፀሐይዋ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘቀዝቅ ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወጉ በሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነበር» አሉ። «ዛሬ አመጣጣችሁን አየሁ። በሚቀጥለው በምን እንደምትመጡ ፈራሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እልል ተባለ! ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አቶ በቀለ፣ እርስዎ በማን ወገን ነው የመጡት?»

«በሩሎው ወገን ነኝ፣ ግራዝማች።»

ሳቁ! ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ያን ሳቅ ነው።

ሐጂ ግን አልሳቁም። የሆቴሉ ሥራ ለሌላ ሰው ሄደ፤ ሱቃቸውን ለመሙላት ዓመት ፈጀባቸው። አንድ ቀን እንኳ አልሰደቡኝም። ያን ዕለት ማታ ጀልባዋን ስናወጣ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «በነጻ ልሰጥህ የነበረውን ምንጣፍ አሁን ገዝተህ ትወስዳለህ።»

ገዛሁ። በጣውላው ላይ ስቸነክር አስካለ መዶሻ አቀበለችኝ። የአህያውን ነገር አንዴ ተናግራዋለች!

ትምህርቱ ምንድን ነው? ሩሎ መጥፎ አይደለም፤ ውሃ ዳር ድንቅ ነው። ኮልፌ ቁልቁለት ላይ፣ ገመድ ፈትቶ ንግግር ለሚያደርግ አባት ግን ማን ይፍቀድለት? እስቲ ኮሜንት ላይ ፍረዱ።

ሒሳቡ ይኸው። የግራዝማች አጥር አርባ ብር። አጥሩ የቀደዳት ጀልባ መጠገኛ ስልሳ አምስት። ሳትንቀሳቀስ ለዋለችው ፒክአፕ ሠላሳ። ጣውላ አሥራ አራት። የሐጂ ምንጣፍ፣ ያለ ቅናሽ፣ ሃያ አንድ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመሃል ተብዬ ለሠርጉ ያመጣሁት በግ አሥራ ሁለት።

በጠቅላላ መቶ ሰማንያ ሁለት ብር፤ ዓሣ ሳይያዝ።