ቆንጆ ናት፤ አንገቷ ግን…

እግዜር መራጭ የሌለበት ሰፈር አልፈጠረም። ሐብሐብ ሊገዛ ገብቶ፣ አንኳኩቶ፣ አሽትቶ፣ ገልብጦ፣ ለአላፊ አግዳሚው አሳይቶ፣ በመጨረሻ "ነገ እመለሳለሁ" ብሎ የሚሄደው ሰውዬ እናንተም ጋ አለ። እኛ የፒዩራ ከተማ ሰዎች ግን በዚህ በኩል ታድለናል። የመራጮች ሁሉ አውራ፣ ሊቀ መራጮች ክቡር ዶን ሴኖቢዮ ኢፓናኬ የእኛ ናቸው። የባንዳችን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ናቸው፣ ልጄን ክርስትና ያነሱ አበልጄ ናቸው፤ ስለዚህ እሳቸውን ማማት መብቴ ነው።

እኔ ኒካኖር እባላለሁ። ጉይሮ ነው የምጫወተው፤ ማለትም ጎኗ የተሸነታተረ ቅል ይዤ በሹካ እፈቀፍቃለሁ። ሰው ሲስቅብኝ "ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል" እላለሁ። እስካሁን የሰበርኩት ድንጋይ ግን አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው አምና፣ ፖሶ ሴኮ መንደር፣ በቅድስት ሉሲያ በዓል ነው። እዚያ የዓመቱ ደጋሽ ተራውን የሚያስረክበው በጭፈራ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ነባሩ ደጋሽ ቺቻ የሚባል የበቆሎ ጠላ የተሞላች ቅል ይዞ አደባባዩ ላይ ይጨፍራል፤ ተረኛው ፊት ለፊቱ ይጨፍራል፤ ዜማው ሳይቋረጥ ቅሏን ተቀብሎ ጭልጥ ካደረጋት የከርሞው ድግስ የእሱ ነው። ሙዚቃው መሃል ላይ ከቆመ ግን ቅድስቲቱ ሰውየውን አልፈለገችውም ማለት ነው። የፖሶ ሴኮ ሰው በዚህ ቀልድ አያውቅም።

የአምናው ተረኛ ዶን ፖርፊሪዮ የሚባሉ የፍየል ነጋዴ ነበሩ። እጃቸውን ወደ ቅሏ ሲዘረጉ የዶን ሴኖቢዮ ቤዝ ጭጭ አለች። ለካ ከፒካፗ፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ተቀምጣ ድምፅ ከምትለቅመው ማግኔት፣ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ኖሯል። ቤዝ ደግሞ ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ግን ሁሉም ይደናበራል። ከበሮ መቺው ዞሮ አየ፣ ጥሩምባ ነፊው አፉን አነሳ፣ እኔም ሹካዬን ያዝ አደረግኩ። ሙዚቃው ቆመ። የፍየል ነጋዴው እጃቸውን ሰበሰቡ፣ አማተቡ፣ "የቅድስቲቱ ፈቃድ ይሁን!" አሉና ያገኙት ባጃጅ ውስጥ ዘለው ገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ መሮጥ ይችላሉ ብሎ የገመተ አልነበረም።

ፖሶ ሴኮ ያለ ደጋሽ ቀረች። የመንደሩ ታላቅ ሴት ዶኛ አሱንታ ወደ መድረኩ መጡ፤ መሬት ወድቃ ቺቻዋ የፈሰሰባትን ቅል ወደ ዶን ሴኖቢዮ ቀስረው "ቅሉን ያስጣለ፣ ቅሉን ያነሳል!" አሉ። እኛ እርግማን መስሎን በያለንበት አማተብን። ዶን ሴኖቢዮ ግን ቆባቸውን አውልቀው፣ ራሰ በራቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግሪሴልዳ፣ ዘፋኛችንና የባንዱ ባለቤት፣ ከመኪናው ፊት ወንበር ሆና ፍርዷን ሰጠች።

"ዶን ሴኖቢዮ፣ ይስሙኝ። ለከርሞው በዓል ትርፍ ቤዝ በጀርባዎ አዝለው ካልመጡ፣ ቤዙን የኪቦርዱ ግራ እጅ ይጫወተዋል። እርስዎም ቤትዎ ቁጭ ብለው ዶሮ ይጠብቃሉ። ፖሶ ሴኮ ላይ ሁለተኛ ሙዚቃ ቢቆም በድንጋይ ነው የሚሸኙን!"

"እሺ ልጄ" አሉ ዶን ሴኖቢዮ። "ግን መመረጥ አለበት።"

ወይ መመረጥ!

እዚህ ላይ ስለ አሮጌዋ ቤዛቸው ልንገራችሁ። አንገቷ ጠባብ ነው፤ የእሳቸው ቀጫጭን ጣቶች ሽር ሽር ይሉባታል። ሁለት ፒካፕ አላት፤ ሁለቱን ቁልፎች እኩል ካላዞሯቸው ጄነሬተር አጠገብ እንደ ንብ ቀፎ ጢዝ ትላለች፤ አመሏን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። በዓሉ ባለፈ ሰሞን፣ ሽቦዋ ከተበየደ በኋላ፣ አንስቼ ልሞክራት አልኩ። አንዱን ክር ስነካ ጎረቤቱም አብሮ ጮኸ። ዶን ሴኖቢዮ እጄን ያዙና ፊትና ጀርባውን እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"አበልጄ፣ ይህ እጅ ነው ወይስ አካፋ?"

"የአባቴ እጅ ነው" አልኳቸው፣ ደሜ ፈልቶ።

በማግስቱ ከአልጋሮቦ እንጨት አንዲት ትንሽ መለኪያ ጠርበው ከቅዱስ ሜዳሊያቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሏት። ከዚያ ወዲያ ቤዝ ጊታር ባዩ ቁጥር እንጨቷን ያወጡና ከአንገቱ ራስጌ፣ ክሮቹ የሚያርፉባት አጥንት ላይ ያጋድሟታል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ይተነፍሳሉ። ከዚያ ያቺ ፒዩራ ሁሉ በቃሉ የያዛት ፍርድ ትወጣለች፤ "ቆንጆ ናት፤ አንገቷ ግን…"

እኔን ለምን ይዘውኝ እንደሚዞሩ እንጃ። ያኔ እንደ ልብስ መስቀያ የሚጠቀሙብኝ ይመስለኝ ነበር። ሱቅ እንደገባን "እስቲ አንተ ያዛት፤ እኔ ከሩቅ ልስማት" ይላሉ። ጣቴን የት የት እንደማሳርፍ ያሳዩኝና መንገዱን ተሻግረው፣ ሴቪቼ ሻጩ ጋሪ አጠገብ ቆመው፣ ዓሣቸውን እየበሉ "ድገመው!" ብለው ይጮሃሉ። የምደግመው ደግሞ አንድ ዜማ ነው፤ የፖሶ ሴኮን የቅል ማስረከቢያ ዜማ። ዱም… ዱም-ዱም። ዱም… ዱም-ዱም።

"አበልጄ፣ ምነው ሌላ ዘፈን ብንሞክር?"

"ፒካፕ በሌላ ዘፈን አይፈተንም።"

እንዲህ ያለ ሕግ ሰምቼ አላውቅም። ግን ከሊቀ መራጮች ጋር ማን ይከራከራል?

ሱሊያና ከተማ አንድ ሱቅ የገዛ ቤዛቸውን መንትያ አገኘን። ቀለሟ ሳይቀር ያው ነው። እኔ በደስታ "ተገላገልን!" አልኩ። ሻጩ መጠቅለያ ማውጣት ጀመረ። ዶን ሴኖቢዮ እንጨቷን አጋደሙ። እንጨቷ በሁለቱም በኩል ተርፋ ወጣች።

"ቆንጆ ናት፤ አንገቷ ግን ጠበበ።"

"እንዴ! የእርስዎስ ያው አይደለች?"

"የኔ የኔ ናት። ይህቺ ትርፍ ናት" አሉና ወጡ። ሻጩ መጠቅለያውን እንደያዘ እኔን አየኝ፤ እኔም ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

ካታካኦስ ከተማ ደግሞ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ቤቱ ድረስ ጠራን። የዚያች አንገት ሊስማማ ጥቂት ቀረው፤ ፒካፗ ግን ጢዝ ትላለች። "ከመብራቱ ነው" አሉ ዶን ሴኖቢዮ። መብራቱ ጠፋ። ጢዝ ማለቷን አልተወችም። "ከማቀዝቀዣው ነው።" ማቀዝቀዣው ጠፋ። ጎረቤትም በደግነት የራሱን አጠፋ። እኔ ዱም ዱም ስል፣ እሳቸው ከደጅ "ድገመው!" ሲሉ፣ የሙዚቀኛው እናት ለገበያ ያዘጋጁት የበረዶ ከረሜላ ሁሉ ቀልጦ በበሩ ሥር ወጣ። ሴትየዋ መጥረጊያ አነሱ። ዶን ሴኖቢዮ በሩጫ ላይ ሆነው እንኳ ፍርዳቸውን አልረሱም፤ "ቆንጆ ናት! ግን ታንጎራጉራለች!"

ባለቤታቸው ዶኛ ፊሎሜና ይህን ስነግራቸው ባቄላቸውን መፈልፈል ሳያቆሙ "እኔን አንዴ በመስኮት አይተውኝ ነው የጠየቁኝ" አሉ። "ምነው ያኔ ያቺ እንጨት በነበረቻቸው!"

የእኔዋ ደግሞ ተማረረች። ሾርባ ስበላ ጠረጴዛውን ዱም-ዱም፣ ልጄን ሳቅፍ ጀርባዋን ዱም-ዱም። "ቤቴን ፖሶ ሴኮ አደረግኸው!" አለችኝ።

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግሪሴልዳ የኪቦርድ ተጫዋቹን ግራ እጅ ማለማመድ ጀመረች። ለቤዝ ተጫዋች ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። እኔ በአበልጄ ፈንታ እንቅልፍ አጣሁ። እሳቸው ግን ቀዝቀዝ ብለው ወደ አንድ ፀጉር አስተካካይ ይዘውኝ ሄዱ። ፀጉር የላቸውምና ግራ ገባኝ። ለካ ግድግዳው ላይ፣ ከመስተዋቱ በላይ፣ አንዲት አቧራ የለበሰች ቤዝ ተሰቅላለች። አንገቷ የሙዝ ግንድ ያክላል። ፒካፗ አንድ፣ ቁልፏ አንድ። የምታዞረው ነገር ስለሌላት የምታሳስተውም ነገር የላትም።

እንጨቷን አጋደሙ። ልክክ አለች።

"እስቲ ያዛት።"

ያዝኳት። እሳቸው መንገዱን ተሻገሩ። ዱም… ዱም-ዱም አልኩ። ጢዝ ማለት የለ፣ ክር ከክር መጋጨት የለ፤ የፀጉር አስተካካዩ ጠርሙሶች እንኳ አብረው ተንቀጠቀጡ። ዶን ሴኖቢዮ ቆባቸውን አወለቁ።

"ቆንጆ ናት" አሉ።

"ግን" የምትለዋን ጠበቅኩ። አልመጣችም። ታመው ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

"እንዴ አበልጄ፣ በእርስዎ ጣት እንዴት አድርገው ሊጨብጧት ነው?"

"አንተ ቅልህን ፈቅፍቅ" አሉኝ።

የበዓሉ ዕለት ግሪሴልዳ ያቺን ቤዝ ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ዓመት ሙሉ ዞረው ዞረው ያመጡት ይህንን ነው? መራጭ ይወድቃል ከምራጭ አሉ!" ዶን ሴኖቢዮ ግን ትርፏን ከማጉያው ሁለተኛ ቀዳዳ ላይ ሰክተው፣ ከእሳቸው ጎን ሳይሆን ከእኔ ጎን አቆሟት።

ቅዳሴው አለቀ፣ ዜማው ተጀመረ። ነባር ደጋሽ ስለሌለ ቅሏን የያዙት ዶኛ አሱንታ ናቸው። ብቻቸውን እየጨፈሩ አደባባዩን ዞሩ። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ሚስቶቻቸው ጀርባ ገቡ፤ የፍየል ነጋዴው ዶን ፖርፊሪዮ አልጋሮቦ ዛፍ ሥር ተደብቀው ቆባቸው ብቻ ይታያል። ዶኛ አሱንታ አንዳቸውንም አላዩም። እየጨፈሩ ቀጥ ብለው ወደ መድረኩ መጡና ቅሏን ወደ ዶን ሴኖቢዮ አነሱ።

"ቅሉን ያስጣለ፣ ቅሉን ያነሳል!"

ግሪሴልዳ እየዘፈነች ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም ገባኝ። ሰውየው ቢወርዱ ቤዙ ይቆማል፣ ቤዙ ሲቆም ሙዚቃው ይቆማል። ባይወርዱ መንደሩ ለሁለተኛ ዓመት ያለ ደጋሽ ይቀራል። በሁለቱም በኩል ድንጋዩ አለ።

ዶን ሴኖቢዮ ጣታቸው ሳይቋረጥ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"አበልጄ፣ ትርፏን አንሳ።"

"እኔ? እረ በማርያም! እኔ ቅል ፈቅፋቂ ነኝ!"

"አንገቷ ባንተ እጅ ልክ ነው። ለክቼዋለሁ።"

ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ ከላይ እንደፈሰሰ ውኃ የወረደብኝ። እጄን ያገላበጡት፣ እንጨቷን የጠረቡት፣ ያቺን ዜማ ዓመት ሙሉ "ድገመው" ያሉኝ። ዶኛ አሱንታ ያን ቀን የተናገሩትን እኛ እርግማን ብለን ስናማትብ፣ እሳቸው ጥሪ ብለው ተቀብለውት ኖሯል።

"ምነው ታዲያ ቀድመው ቢነግሩኝ?"

"ብነግርህ ዛሬ ጉንፋን ይይዝህ ነበር።"

እውነታቸውን ነው። ይይዘኝ ነበር።

ቅሌን ጣልኩ፤ ግሪሴልዳ መሬት ሳይነካ ቀልባ፣ መዝፈኗን ሳታቋርጥ፣ በንዴት ትፈቀፍቅ ጀመር። እኔ ትርፏን አነሳሁ። ዜማው ሲዞር ገባሁ፤ ዱም… ዱም-ዱም። ለአንድ ዙር ሁለት ቤዝ አብሮ ሄደ። ከዚያ የእሳቸው ዝም አለ፣ የእኔ ቀጠለ። ከበሮ መቺው ዞር ብሎ አየ። አልቆመም። ማንም አልቆመም!

ዶን ሴኖቢዮ ከመድረኩ ወርደው፣ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣምረው፣ እንደ አውራ ዶሮ ተንጎራደዱ። ቅሏን ተቀበሉ። ከዚያ፣ አይ እሳቸው! ቅሏን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩ፣ አሸተቱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አደባባዩ ትንፋሹን ዋጠ። የእኔ ጣት ሊቃጠል ደርሷል።

"ቆንጆ ናት" አሉ። "አንገቷ ግን…"

"አንገቷን ተዉትና ጠጡ!" ብለው ጮኹ ዶኛ አሱንታ።

ጭልጥ አደረጓት። ሰማዩ በርችት ተሞላ፣ ወንዶቹ ከሚስቶቻቸው ጀርባ ወጡ፣ ዶን ፖርፊሪዮ ሳይቀሩ ከዛፉ ሥር እየዘለሉ መጡ። እኔ አለቀስኩ። ላብ ነው ብዬ ነበር፤ ግሪሴልዳ ግን አይታኛለች።

እንግዲህ የከርሞው ደጋሽ ሊቀ መራጮች ናቸው። ለድግሱ ሻማ ይመረጣል፣ ርችት ይመረጣል፣ ፍየል ይመረጣል። የፒዩራ ነጋዴ እሳቸውን ከሩቅ ሲያይ መዝጊያውን ያወርዳል። ዶን ፖርፊሪዮ ፍየሎቻቸውን ሌላ መንደር ወስደዋል ይባላል።

ትናንት ሻማ ቤት ነበርን። አንዷን አንስተው በዚያች እንጨት ለኩና "እስቲ አንተ ያዛት፤ እኔ ከሩቅ ልያት" አሉኝ። መንገዱን ተሻግረው፣ ሴቪቼያቸውን አዝዘው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ሻማዬን ከፍ አድርጌ ቆምኩ። ይህ ሰው ሲመርጥ ለማን እንደሚመርጥ አሁን ስለማውቅ፣ እስኪመሽ ቢያቆሙኝም አልከፋም።