የምርቃና ዕቃዎች

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን መቀመጥ አልችልም። ምን እንደሚያቅበጠብጠኝ ጫት ያቆመ ሰው ይገባዋል። ያላቆመውማ በዚያ ሰዓት ተመቻችቶ ተቀምጧል፤ ምን አስጨነቀው?

አሥራ አንድ ዓመት ቃምኩ። የቤት ደላላ ስለሆንኩ ሰዓቴ የራሴ ነው። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሁለት መኝታ ክፍል አለን፤ አንዷ የኔ መቃሚያ ነበረች። ፍራሹና ትራሱ ይቅር፣ እሱ የታወቀ ነው። ክፍሏን የሞላት ዕቅድ ነው። ምርቃና መቼም ዕቅድ ያስወጣል። ዶሮ ላረባ ብዬ የእንቁላል ማስፈልፈያ ገዛሁ፤ ያውም አራተኛ ፎቅ ላይ። ሙዚቃ ልማር ብዬ ኪቦርድ። ትምህርት ቤት ልከፍት ብዬ ጥቁር ሰሌዳ። ጠዋት ስነሳ ዕቅዱ የለም፣ ዕቃው አለ።

ባለቤቴ ዘሀራ ታጋሽ ናት። አንድ ቀን ግን፣ "ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ዛሬም በመሀላችን ትተኛለች። ያልተፈለፈለ ጫጩት የራሱ ክፍል አለው" አለችኝ። ልጃችንን ይዛ ጉርድ ሾላ እናቷ ቤት ገባች። ክፍሏ ክፍል ስትሆን ደውልልኝ አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በፊት ሦስቴ አቁሜ ሦስቴ ተመልሻለሁ። ጤና ጣቢያ የምታማክረኝ ሲስተር ይህን ስነግራት፣ "አንተ አቆምክ እንጂ ቤትህ መች አቆመ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ፍራሹን ሳይ ጎኔ መጋደም ያምረዋል። ፔርሙዙን ሳይ ምራቄ ይመጣል። ኪቦርዱን ሳይ ደግሞ፣ ዛሬን ብቻ ልቃምና ልጀምረው እላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቆራሌው በግቢያችን ሲያልፍ ከበረንዳ ጠራሁት። ወጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ያንን ሁሉ ዕቃ አየና፣ "ሰውዬው መቼ አረፉ?" አለኝ። የሟች ዕቃ መስሎታል። "እኔ ነኝ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራኝም። ስድስት ጊዜ ወጣን፣ ስድስት ጊዜ ወረድን። ዕቃውን መስጠት ቀላል ነበር። ዶሮ አርቢውን፣ ሙዚቀኛውን፣ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር መሸኘት ነው የከበደኝ።

ክፍሏን አጥቤ ደወልኩ። ዘሀራ ልጃችንን ይዛ ተመለሰች። ባዶውን ግድግዳ ዞራ አየች፣ የመስኮቱን ደፍ በጣቷ ዳሰሰች፤ ደስ እንዳላት ያስታውቃል። ቀጥላ፣ "ከበሩ ጀርባ ካርቶን ውስጥ የነበረው የእናቴ ሙቀጫስ?" አለችኝ።

የነሐስ ሙቀጫ ነው። እናቷ ከደሴ ይዘውት የመጡት።

በማግስቱ ቆራሌውን አፈላልጌ ያዝኩት። ሾላ ገበያ ለአንዲት ቅመም ሻጭ ሰጥቼዋለሁ፣ የትኛዋ እንደሆነች ግን ጠፍቶኛል አለ። ሾላ ስንት ቅመም ሻጭ እንዳለ ታውቃላችሁ? እኔ አሁን አውቃለሁ። ያ የፈረደበት ሰዓት ሲደርስ እነሳና በመገናኛ አድርጌ ሾላ እወርዳለሁ፣ በእግሬ። በርበሬ እያስነጠሰኝ ሰው የሚወቅጥበትን ሁሉ አጎንብሼ ሳይ እውላለሁ። አንዳንዷ ሌባ መስያት ታባርረኛለች። አምስት ወር ሆነኝ፣ ቅጠል አልነካሁም። ሲስተር፣ ቤትህን ማጽዳትህ ነው ያዳነህ ብላ ታሪኬን ለሌሎች ትነግራለች። እኔም እሺ እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሙቀጫውን አገኘሁት። እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ኮረሪማ ይወቅጡበታል። አፉ ላይ ያለችውን ስንጥቅ አየሁ፤ ራሱ ነው። ታሪኩን ነገርኳቸው። ኮረሪማውን ገልብጠው፣ ሙቀጫውን ጠርገው፣ በማዳበሪያ ጠቅልለው፣ "እንካ ልጄ፣ ለባለቤቱ ይመለስ" አሉኝ።

ተቀበልኳቸው። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር እንኳ አልሞላም። ነገ በዚህ ሰዓት የት ነው የምሄደው?

"እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ያቆዩልኝ" ብዬ መለስኩላቸው።

ዘሀራ ዛሬም ስወጣ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ "አይዞህ፣ ታገኘዋለህ" አለችኝ።