ፍሪጅ ሠሪው «ሁለንተናዊ ተቋም»

ሲያወራ እንደ ሰው፣ ሲጽፍ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚሆን ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? አቶ ማቴዎስ እንደዚያ ናቸው። ሐዋሳ፣ ፒያሳ ሰፈር ፍሪጅ ይጠግናሉ። ድረ ገጻቸውን የምሠራላቸው እኔ ነኝ፤ እዚያ ላይ ግን «የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ሁለንተናዊ የጥገና አገልግሎት ሰጪ ተቋም» ብለው አስጻፉኝ። እኔም አሳምሬ ጻፍኩት፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ደንበኛ ጠፋ። ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆመው ስልካቸውን በድምፅ ጠየቁት።

«ሐዋሳ ፍሪጅ የሚሠራ የት አለ?»

ስልኩ ትንሽ አሰበና አዲስ አበባ ወዳለ ጥገና ቤት ላካቸው።

«ማቴዎስ፣ አየህ? ዛሬ ሰው ስልኩን በአፉ ነው የሚጠይቀው። ፍሪጁ የተበላሸበት ሰው ‹ሁለንተናዊ ተቋም› ይላል?»

አቶ ማቴዎስ ማዕረጉን እንደተገፈፈ ሹም አንገታቸውን ደፉ። «በል፣ እሷ እንዳለችው ጻፈው» አሉኝ።

«ሐዋሳ ፍሪጅ የሚሠራ ፈልገዋል? ፒያሳ ነን፤ ቤትዎ መጥተን እንሠራለን» ብዬ ጻፍኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት ያላት ሴት እያለከለከች ገባች። «ዓሣዬ ሊበላሽብኝ ነው! ስልኬን ብጠይቀው እናንተ ጋ ላከኝ።»

አቶ ማቴዎስ የመፍቻ ሣጥናቸውን ይዘው ተከተሏት። አመሻሹ ላይ ፍሪጇን ሠርተው ሲመለሱ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ለካስ ሰው ሲፈልገኝ ነበር!» አሉና ሳቁ።